«ካምቢዮው አይወርድም» ላሉኝ መካኒክ

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ማለትም ማርሹን በራሱ የሚቀይር የማርሽ ሳጥን፣ ያለው መኪና የምትነዱ፣ በተለይም እንደ እኔ በፒክአፕ እንጀራችሁን የምትበሉ ሰዎች፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ አልወደዱም፤ «ሥራዬን ንገሪ፣ ስሜን ተዪው» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ነገር ግን ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማችሁ «የአውቶማቲኩ ጋሼ የት ናቸው?» ብትሉ፣ ጎማ የሚነፋው ልጅ ሳይቀር በእጁ ይጠቁማችኋል። ሂዱ። አሁኑኑ ሂዱ።

ሥራዬ ድንኳንና ወንበር ማከራየት ነው። ሠርግ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ለቅሶ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ሌሊት ስልክ ይደወላል፣ ጎህ ሳይቀድ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ መተከል አለበት። ለቀስተኛ መጥቶ የሚቀመጥበት ቢያጣ ነውሩ የእኔ ነው፤ የሐዘን ቤት ሰው አይወቅስም፣ እኔ ግን ፊቱን ማየት አልችልም። ስለዚህ ባለ ሁለት ጋቢናዋ ሃይሉክሴ ከቆመች እኔም ቆምኩ ማለት ነው። ልጆቼ የተማሩት በእሷ ነው።

ሕመሟ የጀመራት ዳገት ላይ ነበር። ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው መርፌ ሽቅብ ይወጣል፣ መኪናዋ ግን መሄድ ያማራት ትመስላለች እንጂ አትሄድም። ማርሽ ስትቀይር መሀል ላይ ባዶ ትሆንና ድንገት ገፍታ ትይዛለች። ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት፤ ስትሞቅ ይብስባታል። ከኋላዬ ያሉት ታክሲዎች ጡሩምባቸውን ሲያስጮኹ የነበረውን ላብ አልረሳውም።

ድሮ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ የምሰጠው መካኒክ ነበረኝ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲነሱ እሱም ዕቃውን ጭኖ ከከተማው ዳር ሄደ፤ እንዲህ ማርሽ በምትለቅ መኪና እዚያ ድረስ መድረስ ደግሞ የማይታሰብ ነው። እናም ወደማላውቃቸው ሰዎች ገባሁ።

የመጀመሪያው ጋራዥ የት እንደሆነ አልናገርም። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ «ካምቢዮው ሞቷል» አሉኝ። እንዴት አወቃችሁ ብዬ ብጠይቅ አንዱ ሳቅ አለና «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ፣ ለእሱ እናስረዳዋለን» አለኝ። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ የለውም። መኪና ውስጥ ገብቶ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ቀበቶ ማሰር ነው፤ እሱንም ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ነው። ይህችን መኪና የገዛኋት እኔ፣ የምነዳት እኔ፣ ድንኳኑን የምጭናትም እኔ ነኝ። ማስረዳት የፈለጉት ግን ለእሱ ነበር።

ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ አጥሩ ያማረ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ነው። እዚያ «ነገ» የሚሉት ነገር አለ። ነገ ስሄድ ሌላ ነገ ይሰጡኛል። ዘይት ጨመርንበት ብለው መለሱልኝ፤ ምን ዓይነት ዘይት እንደሆነ ስጠይቅ «ዘይት ዘይት ነው» ተባልኩ። መኪናዋ ከበፊቱ ብሳ ወጣች። በድጋሚ ስወስዳት ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ካምቢዮ እንዳላቸው ነገሩኝና ዋጋ ጠሩልኝ፤ ድንኳኖቼን ሁሉ ብሸጥ የማልሞላው ዋጋ። አሮጌውን ካምቢዮዬን ግን እዚያው እንድተውላቸው ፈለጉ። ለምን? የሞተ ከሆነ ምን ያደርግላቸዋል? እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘሁለት ጥያቄ ነው፤ የምጠረጥረውን ግን ሁላችሁም ትጠረጥራላችሁ።

ዋጋ ለማወዳደር ሶማሌ ተራ ስዞር አንድ መለዋወጫ የሚሸጥ ወጣት «እትዬ፣ ካምቢዮ ከመግዛትዎ በፊት እኚያን ሽማግሌ ያሳዩ» አለኝ። ልጁ ሊሸጥልኝ ይችል የነበረውን ዕቃ ትቶ ነው ወደ እሳቸው የላከኝ። እሱንም እግዚአብሔር ይስጠው።

ጋሼ መኪናዋን ከመንካታቸው በፊት እኔን ጠየቁኝ። የሚለቀው ስትሞቅ ነው ስትቀዘቅዝ? ጭነት ሲኖር ነው ባዶዋንም? ወደ ኋላ ስትሄድ ትይዛለች? መጨረሻ የነካት ማን ነው፣ ምን ጨመረባት? እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም መካኒክ እነዚህን አልጠየቀኝም። ስመልስላቸው አላቋረጡኝም፤ የማታውቀውን ትናገራለች የሚል ፊትም አላሳዩኝም። ከዚያ ኮምፒውተር ሰክተው ለጥቂት ጊዜ አዩ። ስለ እሱ አትጠይቁኝ፣ ምንም አልገባኝም። ነቅለው አስቀመጡትና «በይ እንሂድ፣ እንደ ልማድሽ ንጂ» አሉኝ።

ከጎኔ ተቀመጡ። ሬዲዮውን አጥፍተው መስኮቱን ከፈቱ። በጥቁር አንበሳ በኩል ወጥተን የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ ያዝነው። ግራ መዳፋቸውን ማርሹ ሥር አሳርፈዋል፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው፣ አንድ ቃል አይናገሩም። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፈን ማዘጋጃ ቤቱ ከፊታችን ሲታይ፣ እኔ ገና ምንም ሳይሰማኝ፣ ቀስ ብለው «አሁን ትለቃለች» አሉ።

ለቀቀች። ሞተሩ ጮኸ፣ መርፌው ወጣ፣ መኪናዋ ባለችበት ተንጠለጠለች።

ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፤ ሐኪምም፣ ጠበቃም፣ መሐንዲስም። ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት በመዳፉ የሰማ ሰው ግን አላየሁም። ደግሞም አልተኩራሩበትም። «አታስጨንቂያት፣ ቁልቁል ቀስ ብለሽ መልሻት፤ እየለቀቀች ሽቅብ ከነዳሻት ታቃጥያታለሽ» ብቻ ነው ያሉት።

ግቢያቸው ስንደርስ ሞተሩን እንዳላጠፋ ነገሩኝ። የዚህች መኪና የካምቢዮ ዘይት ልኩ የሚታወቀው ሞቆ፣ ሞተሩም እየሠራ ነውና። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው በነጭ ጨርቅ ጠረጉት። አጠገቡ ከአዲስ ቆርቆሮ አንድ ጠብታ አኖሩ። አዲሱ ቀይ ነው፤ የእኔ ጠቁሯል። «አሽትቺው» አሉኝ። የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ ልኩም ከምልክቱ በጣም ወርዷል። ከዚያ ረዳታቸው ካርቶን አነጠፈና መብራት ይዘው ከሥር ገቡ። እኔንም ጎንበስ በዪ ብለው አሳዩኝ፤ ዘይቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚወስደው የጎማ ቱቦ አንገቱ ላይ አልቦ አቧራ ለጥፏል።

«ካምቢዮው አይወርድም» አሉ ሲወጡ። «ሳይመረመር ካምቢዮ አላወርድም።»

ያስረዱኝን በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ የሚያሳልፉትን የፍሪሲዮን ሸራዎች ጨምቆ የሚያስይዛቸው ግፊቱ ነው። የቧንቧ ውኃ ኃይል ሲያጣ ሦስተኛ ፎቅ እንደማይወጣ ሁሉ ዘይቱ ሲጎድል ሸራዎቹ በደንብ አይያዙም፣ ይንሸራተታሉ፣ ሲንሸራተቱ ይሞቃሉ፣ ሙቀቱ ዘይቱን መልሶ ያበላሸዋል። በላዩ ላይ ደግሞ «ዘይት ዘይት ነው» ያሉት ሰዎች ለዚህች ካምቢዮ የማይሆን ዘይት ቀላቅለውባታል። ይኸው ነው። የቀረውን ስለ ውስጡ ያሉትን ሁሉ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ ሰምቼዋለሁ፤ አልያዝኩትም።

ሥራው ሲጀመር ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ ፈትተው ማግኔቱ ላይ የተጠራቀመውን በጣታቸው እያሹ ረዥም ጊዜ አዩት። «ጥቁር ትቢያ ነው፣ የብረት ስብርባሪ የለም» አሉና ፊታቸው ፈታ አለ። የእኔም አብሮ ፈታ። ቱቦውን ቀየሩ፣ ማጣሪያውን ቀየሩ፣ ያንን ድብልቅ ዘይት አስወጥተው መኪናዋ የምትፈልገውን ሞሉ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በፌስታል አስረው «የአንቺ ነው» ብለው ሰጡኝ። የገባችሁ ይገባችኋል።

መኪናዋ ክሪክ ላይ ተሰቅላ ሳለ ልደታ አካባቢ ሰው አርፎ ድንኳን ተፈለገ። ፊቴን ዐይተው ነው መሰል ምን ሆንሽ አሉኝ፣ ነገርኳቸው። የጎረቤታቸውን አይሱዙ ለምነው ረዳታቸውን ጨምረው ላኩልኝ፤ ልጁ ድንኳኑን አብሮኝ ተክሎ ነው የተመለሰ። ለሾፌሩ የነዳጅ ስሰጠው «ጋሼ አትቀበል ብለውኛል» አለ። እኔ ከዚያ በላይ ምን ልበል?

አንድ ነገር ደግሞ ወድጄላቸዋለሁ፤ አልዋሹኝም። «ሸራው እስካሁን ምን ያህል እንደተበላ ሳልከፍተው አልምልልሽም። ንጃት፣ ከወር በኋላ አምጪያት፤ ከለቀቀች ያን ጊዜ እናወርደዋለን፣ ፊት ለፊት እነግርሻለሁ» አሉ። ወሩ ሲሞላ ወሰድኳት። ዘይቱን ዐዩ፣ ቀይ ነው፤ ቱቦውን ነኩ፣ ደረቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ድንኳንና ወንበር ሙሉ ጭና የሽሮ ሜዳን ዳገት ትወጣለች፤ ማርሽ መቀየሯን እንኳ አልሰማም። የከፈልኩት የዘይት፣ የማጣሪያ፣ የቱቦና የእጅ ዋጋ ነው። ለምርመራውስ ስላቸው «ዳገቱን ያወጣሻት አንቺ፣ እኔ ተቀምጬ ነው የሄድኩት» ብለው ሳቁ።

የእናንተ መኪና ብትለቅ ምክራቸውን ላድርሳችሁ፤ እየለቀቀች አትንዷት፣ በገመድም አታስጎትቷት። ሞተሩ ጠፍቶ ኃይል የሚቀበሉት ጎማዎች መሬት ላይ ሲዞሩ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይዞራል ብለውኛል፤ በጭነት መኪና ላይ ተጭና ትሂድ። «ካምቢዮ ቀይሪ» የተባላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እኚህን ሰው አሳዩ። ሴቶች እህቶቼ፣ እናንተማ በተለይ ሂዱ። ባልሽን አምጪ የሚል የለም።

እሑድ አይሠሩም። ከሰዓት በኋላ ግቢው ስለሚጣበብ በጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። መጨረሻ ምን ዘይት እንደተጨመረባት ይጠይቋችኋል፤ ደረሰኝ ካላችሁ ያዙ። ሰላምታዬንም አድርሱልኝ፣ የድንኳኗ ሴት ብትሏቸው ያውቁኛል።