የጀርመን የግብርና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር፦ በነጻ ለሚመጣ ደብዳቤ ለደላላ አትክፈሉ

ከዋናው ነገር ልጀምር። ጀርመን ተቀጥሮ ለመሥራት የሚያስፈልጉት ሁለት ቁጥሮች፣ የግብር መለያውም የማኅበራዊ ዋስትናውም፣ ነጻ ናቸው። አንድ ሳንቲም አይከፈልባቸውም። በአብዛኛው ደግሞ ሳትጠይቁ ራሳቸው በፖስታ ይመጣሉ። እኔ ሁለቱንም ያገኘሁት እንዲሁ ነው። ከዚያ ወዲህም አዲስ የሚመጡ ልጆችን ፎርም በመሙላት ሳግዝ ብዙ ሰው ሲሳካለት፣ ጥቂት ሰው ደግሞ ሲንገላታ አይቻለሁ። ስለዚህ አገልግሎቱን እንደ አገልግሎት ልገምግመው። የቱ ጋ ጥሩ ነው፣ የቱ ጋ ያስለቅሳል፣ እኛ ሐበሾች በስማችንና በልደት ቀናችን ምክንያት የት ጋ እንጠለፋለን።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንለያቸው፣ ግማሹ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው። አሠሪ የሚጠይቃችሁ የግብር ቁጥር ሽቶየር-አይዲ የሚባለው ነው። 11 አኃዝ አለው፣ የሚሰጠው ቦን ከተማ የሚገኘው የፌዴራል ማዕከላዊ የግብር መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን አንዴ ከተሰጣችሁ ዕድሜ ልክ የእናንተ ነው። ከተማ ብትቀይሩ፣ ብታገቡ፣ ስም ብትለውጡ አይቀየርም። ሽቶየርኑመር የሚባለው ግን ሌላ ነው። እሱን የሚሰጠው የአካባቢያችሁ ፊናንትስአምት፣ ማለትም የግብር ቢሮ ነው፣ በተለይ የግል ሥራ ለሚሠራና ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያ ለሚያስገባ ሰው ነው፣ ቤት ስትቀይሩም ሊቀየር ይችላል። ተቀጣሪ ከሆናችሁና አሠሪው "የግብር ቁጥር አምጣ" ካላችሁ የሚፈልገው ባለ 11 አኃዙን ነው። ሦስተኛው የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ነው፣ 12 ቦታ ያለው፣ መሀሉ ላይ አንድ ፊደል የገባበት። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ፣ የሚከብደው ጉዳይ እዚያ ነው ያለው።

ሽቶየር-አይዲ ለማግኘት ማመልከቻ የለም። የሚያስፈልገው የመኖሪያ አድራሻ ማስመዝገብ፣ እዚህ ሁሉም ሰው አንሜልዱንግ የሚለው ነገር ብቻ ነው። ሕጉ ቤት በገባችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ ሄዳችሁ ተመዝገቡ ይላል። ፓስፖርት ትይዛላችሁ፣ አከራዩ የፈረመበትን "አዎ እዚህ ቤት ገብቷል" የሚል ወረቀት ትይዛላችሁ፣ ፎርሙን ትሞላላችሁ፣ በቃ። የኪራይ ውሉ ብቻውን አይበቃም፣ የአከራዩ ማረጋገጫ ወረቀት የግድ ነው። ቤት ስትፈልጉ "ለአንሜልዱንግ ትፈርምልኛለህ ወይ?" ብላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። አልፈርምም የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ቤቱ የቱንም ያህል ቢረክስ ለአዲስ ሠራተኛ አይሆንም፣ ምክንያቱም ያለ ምዝገባ ቁጥሩ አይመጣም፣ ከቁጥሩ ጋር የተያያዘው ሌላው ሁሉ ነገርም እንደዚያው ይንጠለጠላል።

የምዝገባው አገልግሎት ራሱ እንዴት ነው? ወንበሩ ላይ ከተቀመጣችሁ በኋላ ፈጣን ነው፣ ሠራተኞቹም በአብዛኛው ጨዋ ናቸው። ችግሩ ወንበሩ ጋ መድረስ ነው። በትልልቅ ከተሞች ቀጠሮ ማግኘት እንደ ጉድ ነው። ኢንተርኔት ላይ ካሌንደሩን ትከፍቱታላችሁ፣ ለሳምንታት ሁሉም ተይዟል ይላል። እኔ የማውቀው መፍትሔ ጠዋት መሥሪያ ቤቶቹ ሲከፈቱ ገጹን ደጋግሞ ማየት ነው፣ የሚሰረዙ ቀጠሮዎች በዚያ ሰዓት ብቅ ይላሉ፣ ደግሞም በብዙ ከተሞች የግድ ሰፈራችሁ ያለው ቢሮ መሆን የለበትም፣ በዚያው ከተማ ሌላ ሰፈር ያለውም ይመዘግባችኋል። ቀጠሮው ከ2 ሳምንት በላይ ቢዘገይ ቀጠሮ የያዛችሁበትን ማረጋገጫ አስቀምጡ። በዚህ ክፍል ግን ቅር ብሎኛል፣ አልደብቅም። በሕግ አስገድደው በ2 ሳምንት ተመዝገቡ እያሉ በ2 ሳምንት ውስጥ ወንበር አለመስጠት ትክክል አይደለም።

ፎርሙ ላይ አንድ ሳጥን አለ፣ ሃይማኖት የምትሞሉበት። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ጀርመን ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ግብር የሚባል አለ። መንግሥት ከደመወዝ ላይ ቆርጦ ለካቶሊክና ለወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የሚያስተላልፈው ነው፣ መጠኑም የገቢ ግብራችሁ 9 በመቶ፣ ባየርንና ባደን-ቩርተምበርግ ውስጥ 8 በመቶ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ይህ ግብር አይቆረጥበትም፣ ስለዚህ ኦርቶዶክስ መሆናችሁን በግልጽ ጻፉ፣ ጸሐፊዋ "ያው ክርስቲያን ነው" ብላ ወደ ሌላው እንዳታስገባችሁ ተከታተሉ። የፕሮቴስታንት አማኞች ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ወንጌላዊ ነኝ ብላችሁ ስትናገሩ ግብር የምትሰበስበው የጀርመን ቤተ ክርስቲያን አባል ተብላችሁ ልትመዘገቡ ትችላላችሁ፣ አገር ቤት የነበራችሁበት ግን በአብዛኛው እንዲህ ያለ ግብር የማይሰበስብ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዋሹ እያልኩ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችሁን በሙሉ ስሟ ተናገሩ፣ ምን እንደተጻፈም ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። በኋላ ለማስተካከል መሮጥ ትልቅ ጣጣ ነው።

ከተመዘገባችሁ በኋላ ደብዳቤው ባብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ውስጥ ይደርሳል። ይሄ ለእኔ በጣም የሚደነቅ አገልግሎት ነው፣ ማንም ሳይለምን፣ ማንንም ሳያውቅ፣ ሥራ አስኪያጁም ጽዳት ሠራተኛዋም እኩል በፖስታ ያገኙታል። ሕፃናት ሳይቀሩ ሲወለዱ ይሰጣቸዋል፣ የልጆች አበል ስትጠይቁም የእናንተም የልጁም ቁጥር ይፈለጋል።

ታዲያ ደብዳቤው ለምን ይጠፋል? ከማውቃቸው ልጆች መካከል አልመጣልኝም ያሉት አብዛኞቹ ችግራቸው የፖስታ ሳጥን ላይ ያለው ስም ነበር። የጀርመን ፖስታ አድራሽ ሕንፃው ውስጥ የአፓርታማ ቁጥር አይፈልግም፣ ሳጥኑ ላይ ስም ነው የሚያየው። ከሌላ ሰው ጋር ተጋርታችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ ወይም የቀድሞው ተከራይ ስም ገና ካልተነሳ፣ ደብዳቤው ተመልሶ ይሄዳል። ደግሞ የእኛ ስም አለ። እኛ ራሳችንን በስማችን ነው የምናውቀው፣ እነሱ ግን ደብዳቤ የሚልኩት ፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ በሰፈረው ነው፣ እሱም የአባት ወይም የአያት ስም ነው። ሳጥኑ ላይ "አበበ" ብሎ የራሱን ስም ብቻ ለጥፎ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ሊጠብቅ ይችላል። ፓስፖርቱን አውጡና በላቲን ፊደል ልክ እንደተጻፈው፣ ሙሉውን ለጥፉ።

ከጠፋባችሁ በስልክ ወይም በኢሜይል አይነግሯችሁም፣ ለምስጢር ጥበቃ ሲባል። የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀንና ቦታ ሞልታችሁ እንደገና ይላክልኝ ትላላችሁ፣ በፖስታ ይልኩታል፣ ይሄም ነጻ ነው። በአንዳንድ ከተሞች ደግሞ የአካባቢው ፊናንትስአምት በአካል ሄዳችሁ ፓስፖርት ካሳያችሁ ቁጥሩን እዚያው ይሰጣችኋል። ቀድሞ ሠርታችሁ የምታውቁ ከሆነ የደመወዝ ወረቀታችሁ ላይም አለ።

አሠሪው "ቁጥሩ ከሌለህ ሥራ አትጀምርም" ቢላችሁ አትደንግጡ። ቁጥሩ እስኪመጣ እስከ 3 ወር ድረስ በሚገባችሁ የግብር ምድብ ሊከፍላችሁ ሕጉ ይፈቅዳል። ከዚያ አልፎ ቁጥሩ ካልቀረበ ግን ምድብ 6 ውስጥ ያስገባችኋል፣ ያ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚቆርጠው ነው። ላጤ ሰው የሚገባው ምድብ 1 ነው። በምድብ 6 የተቆረጠው ትርፍ ብር ለዘለዓለም አልጠፋም፣ ቁጥሩ ሲመጣ አሠሪው ያስተካክለዋል፣ ካላስተካከለም በዓመቱ መጨረሻ የግብር ማስታወቂያ አስገብታችሁ ታስመልሳላችሁ። የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ለሚያስብ ሰው ግን ያ መጽናኛ አይሆንም፣ ስለዚህ ምዝገባውን አታዘግዩ።

አሁን ወደ ማኅበራዊ ዋስትናው። ይህን ቁጥር የሚሰጠው የጡረታ መድን ተቋሙ ነው፣ ሬንተንፈርዚሸሩንግ የሚባለው። እናንተ የምትሠሩት ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ክራንከንካሴ፣ ማለትም የጤና መድን ድርጅት፣ መምረጥና ለአሠሪው መንገር። አሠሪው ሲያስመዘግባችሁ ቁጥር ከሌላችሁ በዚያው ይወጣላችኋል፣ ደብዳቤውም በፖስታ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ የድሮው የዋስትና መታወቂያ ቀርቶ ቁጥሩን የሚያረጋግጥ ወረቀት ብቻ ነው የሚሰጠው፣ አሠሪዎችም ቁጥሩን በቀጥታ ከተቋሙ መረጃ ቋት ይጠይቃሉ። ስለዚህ "ካርዱን ካላመጣህ" የሚል የቢሮ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ አሠራሩ እንደተቀየረ በትሕትና ንገሩት።

ቁጥሩ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ለእኛ ወሳኝ ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 አኃዞች የቁጥሩን ሰጪ ቅርንጫፍ ያመለክታሉ፣ ቀጥሎ ያሉት 6 አኃዞች የልደት ቀናችሁ ናቸው፣ ከዚያ ስትወለዱ የነበራችሁ የቤተሰብ ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ ከዚያ መለያ ቁጥርና ማረጋገጫ። ልደታችሁ ቁጥሩ ውስጥ ታትሟል ማለት ነው። እና የጀርመን ማኅበራዊ ሕግ መጀመሪያ ለዋስትና ተቋም ወይም ለአሠሪ የተነገረውን የልደት ቀን ነው እንደ እውነተኛ የሚይዘው። በኋላ አገር ቤት ሄዳችሁ አዲስ የልደት ሰርተፊኬት ብታወጡ አይቀበሉትም። የሚቀየረው የጽሕፈት ስህተት ከሆነ ነው፣ ወይም መጀመሪያ ከተናገራችሁበት ጊዜ በፊት የወጣ ዋና ሰነድ ሌላ ቀን የሚያሳይ ከሆነ።

የእኛ ሰው ላይ ይሄ ምን እንደሚያስከትል አስቡት። ጥር 1988 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በእነሱ አቆጣጠር የ1996 ልጅ ነው። ፎርም ላይ ለምዶበት 1988 ብሎ ቢጽፍ 8 ዓመት ያረጃል። ወሩና ቀኑም እንዲሁ፣ "አንደኛው ወር" ብሎ መስከረምን የጻፈ ሰው ጃንዋሪ ይሆናል። በግምት ተቀይሮ ፓስፖርት ላይ አንድ ቀን፣ ትምህርት ቤት ማስረጃ ላይ ሌላ ቀን የሠፈረበት ሰውም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ የተወለደ ሰው መደበኛ ጡረታ የሚወጣው በ67 ዓመቱ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ በችኮላ የተጻፈች ቀን ከአርባ ዓመት በኋላ ጡረታ ትገፋለች ወይም ትጎትታለች። ለአሠሪው፣ ለክራንከንካሴው፣ ለምዝገባ ቢሮው፣ ለሁሉም ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አንድ ቀን ብቻ ስጡ። ፓስፖርቱ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ደግሞ ከአገር ሳትወጡ አስተካክሉት፣ በጣም አደራ።

የተናደድኩበትን አሁን ልናገር። "ሽቶየር-አይዲ እናወጣለን፣ የሶሻል ቁጥር በፍጥነት" የሚሉ ድረ ገጾችና ቲክቶክ ላይ የሚያስተዋውቁ ደላሎች አሉ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ እንዲህ ያለ ድርጅት አንዲት የማውቃትን ልጅ አስከፍሏት ያደረገላት ነገር ያንኑ የነጻ ፎርም በስሟ ሞልቶ መላክ ነው። ደብዳቤው በዚያው በተለመደው ጊዜ መጣ፣ አንድ ቀን አልፈጠነም። ሊፈጥንም አይችልም፣ ምክንያቱም ማንም ደላላ ቦን ያለውን ወይም ጡረታ መድኑን የሚያስቸኩልበት በር የለውም። ከገንዘቡ የባሰው ፓስፖርቷን ፎቶ አንስታ፣ የልደት ቀኗን፣ አድራሻዋን ሁሉ ለማታውቀው ሰው መስጠቷ ነው። የጀርመን የሸማቾች ጥበቃ ማዕከላትም እንዲህ ካሉ ገጾች ተጠንቀቁ ብለዋል። ቋንቋው ከብዷችሁ ሰው እንዲያስተረጉምላችሁ ብትከፍሉ ያ ሌላ ነው፣ የሰው ድካም ነው። ቁጥር እሸጣለሁ ከሚል ግን ሽሹ።

ነጥብ ስጡ ካላችሁኝ፣ ለግብር ቁጥሩ ደብዳቤ 5 ከ5። ለማኅበራዊ ዋስትናው 4፣ አንድ የቀነስኩት የልደት ቀኑ ጉዳይ ይህን ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ ማንም ቀድሞ ስለማያስጠነቅቅ ነው። ለምዝገባ ቀጠሮው 2፣ እሱንም ወንበሩ ላይ ላሉት ሠራተኞች ብዬ ነው።

ሁለቱንም ደብዳቤዎች ፎቶ አንስታችሁ ዋናውን በጥሩ ቦታ አስቀምጡ። በተለይ ወደ አገር ቤት እመለሳለሁ ለምትሉ። በየወሩ ከደመወዛችሁ 9.3 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 60 ወር መክፈል ያስፈልጋል። ያን ሳትሞሉ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ወዳለ አገር ጠቅልላችሁ ከሄዳችሁ፣ ከ24 ወር በኋላ አመልክታችሁ እናንተ የከፈላችሁትን ድርሻ ማስመለስ ትችላላችሁ፣ የአሠሪው ድርሻ ግን አይመለስም። ገንዘቡን የሚመልሰው ያው የጡረታ መድን ነው፣ የሚጠይቃችሁም ያንን 12 ቦታ ያለውን ቁጥር ነው።