ከአያት ወዲያ ያለው የቡና ሱቅ፦ ነጻ ናሙናውና የኢሜይል መልእክቱ

ከአያት የባቡር ጣቢያ አለፍ ብሎ የሚገኘው፣ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ አነስተኛ ሱቅ የኢሜይል አድራሻውን ላስመዘገበ ደንበኛ ሁሉ 100 ግራም የተቆላ የይርጋጨፌ ቡና በነጻ ይሰጣል። ስጦታው እስክሪብቶ ወይም የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ሱቁ የሚሸጠው ቡና ራሱ መሆኑን እጅግ ወድጄዋለሁ፤ ቀምሶ የወደደ ለመግዛት ይመለሳል፣ ያልወደደም ገንዘቡን ሳያባክን ይለያል። እኔም ከአቦል እስከ በረካ በቤቴ ከጠጣሁት በኋላ ነው ግማሽ ኪሎ ልገዛ የተመለስኩት።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ መልእክት ይደርሰኛል፤ የትኛው ቡና በየትኛው ቀን እንደተቆላ፣ የታጠበ ወይም ጀንፈል (ሳይታጠብ ከነገለባው የደረቀ) መሆኑንና ዋጋውን በአጭሩ ይገልጻል። የተቆላ ቡና ሲቆይ መዓዛው እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ የተቆላበትን ቀን ማወቅ ለእኔ ከዋጋ ቅናሽ ይበልጣል።

ቅር ያሰኘኝ በበዓል ሰሞን መልእክቱ በየቀኑ መምጣቱና ከዝርዝሩ የመውጫ መንገድ አለመኖሩ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው የሰጠውን ፈቃድ መልሶ የማንሳት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ የመውጫ መንገድ ማዘጋጀት ለደንበኛ የሚደረግ ውለታ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የሱቁ ባለቤት ቅሬታዬን በትዕግሥት አድምጠው፣ ከቀጣዩ ሳምንት ጀምሮ በእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ የመሰረዣ ማስፈንጠሪያ አስገብተዋል። እኔ ግን አልተሰረዝኩም።