ለአሮጌ ቮልስ የቤንዚን ጎማ፦ ሶማሌ ተራ ላይ የቱ ይገዛል፣ የቱ ይተዋል

አሮጌ ቮልስ የምትነዱ ሁሉ፣ የቤንዚን ጎማችሁን፣ ማለትም ቤንዚን የሚያስተላልፈውን የጎማ ቱቦ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ እዩት። የቮልስ ሳልባትዮ (የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ) ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ በወለሉ መሀል በተዘረጋ ቀጭን የብረት ቧንቧ ይመጣና ካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) አጠገብ ሲደርስ ጎማ ይቀበለዋል፤ ከዚያ ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር ይወጣል። ጎማው የሚያልፈው በጋለ ሞተር ላይ፣ የእሳት ብልጭታ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ጎን ነው። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ያለበት ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ በባልዲ ውሃ የሚጠፋ እሳት አይደለም።

የእኔዋ የ1972 ሞዴል 1300 ናት። ጠዋት ጠዋት ጓሮው ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ጀመር። የኋላውን ክዳን ከፍቼ ጎማውን በጣቴ ጎንበስ ሳደርገው ከላይ የለበሰው ክር ደህና ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ጥቁሩ ጎማ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ክር የለበሰ ጎማ ክፋቱ ይህ ነው፤ ስንጥቁን ይሸፍናል።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ገባሁ። የመለዋወጫ እጥረት የለም፤ ችግሩ ሁሉም ሱቅ ጎማ አለው፣ ሁሉም ደግሞ «ኦርጅናል ጀርመን» ይላል። መጀመሪያ የቀረበልኝ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ቱቦ ነው። ሞተር ሳይክል ላይ ታዩት ይሆናል። ቮልስ ሞተር ላይ ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ከደረቀ ከአፉ ይሾልካል፤ በነጻ ቢሰጧችሁም እንዳትወስዱ። ሌላ ሱቅ ደግሞ የፒካፕ ጎማ አወጡልኝ፣ ውስጡ ስድስት ሚሊ ሜትር ከምናምን የሆነውን። የቮልስ ቧንቧ ውጩ ስድስት ሚሊ ስለሆነ ያለ ምንም ትግል ገባ። ሻጩ «ጋሼ፣ ማሰሪያውን ጠበቅ ካደረጉት ምን ይሆናል» አለኝ። ጠበቅ የተደረገ ሰፊ ጎማ ይጨማደዳል፣ በጭምድዱ በኩል ቤንዚን ያልባል ማለት ነው። የሚፈለገው ውስጡ አምስት ሚሊ የሆነ፣ እየታገለ የሚገባ ጎማ ነው።

ልቤን ያሳረፈው አንድ ጠባብ ሱቅ ነው፤ በሩ ላይ የፍሬን ጎማና የቀበቶ ዓይነት ተንጠልጥሏል። ባለቤቱ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጎማውን ገልብጦ የታተመበትን አሳየኝ፤ አንዱ ጥቅል ላይ ዲን 73379፣ ሌላው ላይ ኤስኤኢ 30 አር 9 ይላል። የመጀመሪያው የጀርመን የቤንዚን ጎማ ደረጃ ነው። ሁለተኛው ለኢንጄክሽን መኪና፣ ማለትም ቤንዚኑ በግፊት ለሚረጭበት፣ የተሠራ ሲሆን የውስጥ ሽፋኑ ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀለውን አልኮል፣ ኤታኖልን፣ ይችላል። «አር 7 የሚለውም ለካርቡራተር የተሠራ ነው፣ ግን ኤታኖል ላይ ይህን ያህል አይታመንም» አለኝ። አባባሉ ትክክል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል እየተቀላቀለበት ሲሸጥ እንደነበር እናስታውሳለን፤ ያረጀ ጎማ ኤታኖልን አይወድም።

ከዚያ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጦ ሰጠኝ። «ቤንዚን ውስጥ ያሳድሩትና ካላበጠ ተመልሰው ይምጡ» አለ። ብርጭቆ ውስጥ አሳደርኩት፤ አላበጠም፣ ቤንዚኑም አልጠቆረም። በማግስቱ ሄጄ ሁለት ሜትር ገዛሁ። ለመላዋ መኪና በቅቶ ተርፏል። ዋጋው ከተራው ጎማ ከእጥፍ በላይ ነው፤ እኔ ግን ሳልከራከር ከፈልኩ፣ ደስም ብሎኝ ነው።

መካኒክ ቤት ስትወስዷት ሁለት ነገር አስጠንቅቁ። ሳልባትዮው ከፓምፑ ከፍ ስለሚል ጎማው ሲነቀል ቤንዚኑ በራሱ ይወርዳል፤ ከፊት በኩል ያለው የቤንዚን ጎማ ቀድሞ ይታፈን፣ ባትሪውም ይፈታ። ሌላው ቤንዚን የሚያጣራው ፊልትሮ ነው። ብዙ ጋራዥ ፊልትሮውን ከፓምፑና ከካርቡራተሩ መሀል ያንጠለጥለዋል፣ ለዓይን ስለሚያምር ይመስለኛል። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባት የነሐስ ቱቦ ተመትታ የገባች ብቻ ናት፣ ብሎን የላትም። ፊልትሮው እየተንቀጠቀጠ ሲጎትታት ትላላለች፤ በወለቀች ጊዜ ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። የእኔን ታች ካምቢዮው ጋ አስደረግሁት። ቧንቧው የሞተሩን ቆርቆሮ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ያለችው ክብ ጎማም ብትጠፋ ትተካ፤ ያለ እሷ ቆርቆሮው ቧንቧውን ይበላዋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን አሮጌዎች ማቆየት ግድ ሆኗል፤ እንዲህ ያለ ሻጭ ደንበኛ ሊበዛለት ይገባል። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ማሰሪያው እንደ ጎማው ጥሩ አይደለም፤ ያለው ጥርስ የተቀደደበት ዓይነት ብቻ ነው፣ እሱም ሲጠብቅ ጎማውን ይቆርጣል። ውስጡ ልሙጥ የሆነውን ትንሹን ማሰሪያ ከሌላ ሱቅ ነው ያገኘሁት። ነግሬዋለሁ፣ አስመጣለሁ ብሏል።