አቃቂ ያለው ብየዳ ቤት፦ ብየዳው ይመቻል፣ ቀለሙ ግን…

ደጃፌ ያለው ቦይ ክረምት ሲገባ ወንዝ ያክላል። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው ይረዳኛል። መኪና ግቢ ለማስገባት የብረት ድልድይ ግድ ስለሆነብኝ አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም የማይርቅ አንድ ብየዳ ቤት ሄድኩ።

የድሮ ድልድይ ፎቶ ማየት እወዳለሁ። ስልኬ ላይ ፖርቱጋል፣ ፖርቶ ከተማ ያለውን የማሪያ ፒያ ድልድይ ይዤ ነበር። የጉስታቭ ኤፌል ድርጅት በ1877 እ.ኤ.አ. የጨረሰው፣ እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ ባቡር ያለፈበት ድልድይ ነው። የፓሪሱ የኤፌል ማማም ከዚሁ ዓይነት የተቀጠቀጠ ብረት ነው የተሠራው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ቅስት ያለው ይሁንልኝ» አልኳቸው ባለቤቱን።

«ልጄ፣ ይሄ ቅስት ስንት ሜትር ነው?»

«160»

ሳቁ። «ያንቺ ቦይ ሁለት አይሞላም። ምን ያደርግልሻል?»

ከዚያ ፎቶውን አጉልተው ነጠብጣብ የሚመስለውን አሳዩኝ። ሪቬት ነው፤ ብረትን ከብረት የሚያያይዝ ሚስማር መሳይ ነገር። በፍም አግለው በቀዳዳው ያስገቡትና ጫፉን በመዶሻ ይቀጠቅጡታል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ሁለቱን ብረት አጣብቆ ይይዛል። ብየዳ የሚባል የለም። የዚያ ዘመን ብረት ውስጡ ክር ክር የሚል ዝቃጭ ስላለው በኤሌክትሮድ ልበይድህ ቢሉት አያስተማምንም አሉኝ። ሻይ ሳይጋብዙኝ ትምህርት ጋበዙኝ።

ቅስቱ ቀረ። ቀጥ ያለ፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ላሜራ የለበሰ ድልድይ ሠሩልኝ። ብየዳው ንጹሕ ነው፤ ነካ ነካ አድርገው አልተዉትም፣ ዳር እስከ ዳር ስበውታል። ውሃ እንዳይቋጥር መውረጃ ቀዳዳም አስበሱለት። ይሄን ሳልጠይቅ ነው ያደረጉት። ድልድይን ቶሎ የሚበላው መገጣጠሚያው ላይ የሚተኛ ውሃ ነው ይላሉ ጋሼ።

ሰኞ ያሉኝ ሐሙስ ደረሰ። መብራት ጠፍቶ ነው አሉ፤ ይሁን፣ ሰፈሩን እናውቀዋለን። ያናደደኝ ቀለሙ ነው። አንቲረስቱ (ዝገት መከላከያው የመጀመሪያ ቀለም) ሳይደርቅ ጥቁሩን ደረቡበት፣ ጎማ የሚረግጠው ቦታ ወዲያው ተላጠ። ስደውል ልጅ ላኩልኝ፣ በነጻ። ልጁ ግን ዝገቱን ሳይፈገፍግ ሊቀባ ብሩሹን ሲያነሳ ጮኬ አስቆምኩት።

ዋጋቸው ከጎረቤቶቻቸው ወደድ ይላል፣ ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ። ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ውፍረቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ተስማሙ። የግቢዬን በርም እዚያው ነው የማሠራው፤ ቀቢ ግን እኔው ራሴ አመጣለሁ።