ትልቅ ቲቪ ወይስ ፕሮጀክተር? ሁለቱንም ገዝቼ ያየሁት

የመጀመሪያውን ፕሮጀክተር የገዛሁት ሳሎኔን ሲኒማ ቤት አደርጋለሁ ብዬ ነው። እሱ አላረካኝም፣ የተሻለ ገዛሁ። በመጨረሻ ደግሞ 65 ኢንች ቲቪ ጨመርኩ። አሁን ፕሮጀክተሩም ቲቪውም አንድ ክፍል ውስጥ አሉ። "አንተ ብትሆን የትኛውን ትገዛለህ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መልሴን ከፊት ልንገራችሁ። ቤታችሁ የሚኖረው አንድ ስክሪን ብቻ ከሆነ ቲቪ ግዙ። ፕሮጀክተር ማታ ማታ ብቻ ለሚያይ፣ ክፍሉንም ድርግም አድርጎ ማጨለም ለሚችል ሰው ነው። ለሌላው ሰው ሁለተኛ ዕቃ ሆኖ ሲገባ ነው የሚያምረው።

በመጠን ከሆነማ ፕሮጀክተርን የሚደርስበት የለም። ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስለሆነ ቁጥሩ ልዩነቱን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። 65 ኢንች ቲቪ ወርዱ 144 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 81 ገደማ ነው። 100 ኢንች ምስል ደግሞ 221 በ125 ይሆናል። ስፋቱን ብታሰሉት 100 ኢንቹ ከ65ቱ በ2.4 እጥፍ አካባቢ ይበልጣል። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ፊልም ስትከፍቱበት የሚሰማችሁን ስሜት ቲቪ አይሰጣችሁም፤ ይህን የምለው ቲቪዬን እየወደድኩት ነው።

ችግሩ ያለው ብርሃን ላይ ነው። ቲቪ ብርሃኑን ከራሱ ያወጣል። ፕሮጀክተር ግን ግድግዳ ላይ ይረጨዋል፣ እኛ የምናየው ተመልሶ የመጣውን ነው። ታዲያ ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም መርጨት አይችልም። ምስሉ ላይ ጥቁር የሆነው ቦታ ብርሃን ያላረፈበት ግድግዳ ነው። ስለዚህ በቀን ግድግዳው ግራጫ መስሎ ከታያችሁ፣ የፊልሙ ጨለማ ሁሉ እዚያው ግራጫ ላይ ይቆማል። በሌሊት የተቀረጸ ትዕይንት ከሆነ ሰውና ጥላውን መለየት ያቅታል። ይህንን የትኛውም ሴቲንግ አያስተካክለውም፤ መጋረጃ ብቻ ነው የሚያስተካክለው።

የመጀመሪያው ፕሮጀክተሬ ካርቶን ላይ 9,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይላል። ሻጩም ቀንም ማታም ያሳያል አለኝ፣ አመንኩት። ከሰዓት በኋላ ጓደኞቼን ጠርቼ ኳስ ከፈትኩ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ግን ስስ ነው። ሜዳው የነጣ አረንጓዴ፣ ማሊያው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ኳሷ ደግሞ ጭራሽ የለችም። እረፍት ላይ ሁሉም ስልካቸውን አውጥተው በዚያ ማየት ጀመሩ። በጣም ነው የከፋኝ፣ ምክንያቱም ያጠራቀምኩበትን ገንዘብ አውቀዋለሁ።

በኋላ ሳጠና የገባኝ፣ ርካሽ ዕቃዎች ላይ የሚጻፈው ሉመን ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚደርሰው ብርሃን አለመሆኑ ነው። የምትጠይቁት አንሲ ሉመን የሚባለውን፣ በመደበኛ አለካክ ስክሪኑ ላይ የሚደርሰውን ብርሃን ነው። እሱ ካልተጻፈ፣ የካርቶኑን ቁጥር እንዳላያችሁት ቁጠሩት። እውነተኛ 2,000 ሉመን 100 ኢንች ነጭ ስክሪን ላይ ሲዘረጋ ወደ 230 ኒት ብሩህነት ይሰጣል (ኒት ስክሪን ለዓይን ምን ያህል እንደሚደምቅ የሚለካበት ነው)። ብዙ ጥሩ ቲቪዎች ከ500 ኒት ያልፋሉ፣ ውድ የሚባሉት ደግሞ ከ1,000 በላይ ይሄዳሉ። ምስሉን ባሳደጋችሁት ቁጥርም ያው ብርሃን ሰፊ ቦታ ላይ ይሳሳል፤ ኢንቹን እጥፍ ስታደርጉት ብሩህነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ኤችዲአር የሚባለው፣ ብሩሁንና ጨለማውን ይበልጥ አራርቆ የሚያሳየው ነገር ቲቪ ላይ ዓይን የሚስበውና ፕሮጀክተር ላይ ብዙም የማይታወቀውም ለዚህ ነው።

"4ኬ ይደግፋል" የሚል ጽሑፍም አለ፤ 4ኬ 3840 በ2160 ፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩ ጥቃቅን ነጥቦች፣ ያለው ምስል ነው። ይህ ማለት 4ኬ ፋይል ይቀበላል እንጂ 4ኬ ያሳያል ማለት አይደለም። ተቀብሎ ወደ 1280 በ720 አሳንሶ የሚያሳይ ስንት አለ መሰላችሁ! ኔቲቭ ሬዞሉሽኑ፣ ማለትም ራሱ የሚያሳየው የፒክስል ብዛት፣ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ምስሉ ትልቅ ሲሆን ፒክስሉም አብሮ ስለሚተልቅ ቢያንስ 1920 በ1080 ከሌለው ጽሑፍ ማንበብ ዓይን ያደክማል።

አቀማመጡስ? ቲቪ ግድግዳ ላይ ትሰቅሉታላችሁ፣ አለቀ። ፕሮጀክተር ግን ርቀት ይፈልጋል። የተለመደው ዓይነት ለ100 ኢንች ምስል ሦስት ሜትር ገደማ መራቅ አለበት። ክፍላችሁ ጠባብ ከሆነ ከሶፋው ጀርባ ወይ ጣሪያ ላይ ነው ቦታው፣ ከዚያ ኬብል መጎተት ይመጣል፣ ማራገቢያው ደግሞ ጸጥ ያለ ትዕይንት ላይ ጆሯችሁ ስር ይጮሃል። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት ሰው ባለፈ ቁጥር ጥላው ምስሉ ላይ ያርፋል። ጎን አስቀምጦ በሴቲንግ ማቃናት ይቻላል፣ እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር፤ ግን ያ ማስተካከያ የምስሉን ፒክስል ቆርጦ ስለሚጥል ጥራት ይቀንሳል። ከፊት ለፊቱ በትክክል ማስቀመጥን የሚያህል ነገር የለም። ግድግዳው ስር ተቀምጠው ወደ ላይ የሚረጩ የሌዘር ፕሮጀክተሮች የርቀቱን ጣጣ ይፈቱታል። እነሱ ደግሞ ግድግዳው ትንሽ እንኳን ወጣ ገባ ካለ ምስሉ ይጣመማል፣ የሚስማማቸውን ስክሪን ጨምራችሁ ስትገዙ ወጪው ከትልቅ ቲቪ ጋር ይገናኛል።

ድምፅ ላይ ብዙ አልቆይም። የፕሮጀክተር ስፒከር ደካማ ነው፣ ድምፁም ከጀርባችሁ ይመጣል። ተዋናዩ ፊት ለፊት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ድምፁን ከኋላ መስማት ይረብሻል። ስፒከር ግዙና ምስሉ ስር አድርጉት፣ በብሉቱዝ ሳይሆን በሽቦ አገናኙት፤ ብሉቱዝ ድምፁን ሊያዘገየው ይችላል።

ዕድሜውን ግን ሳታሰሉ እንዳትገዙ። የአምፖል ፕሮጀክተር አምፖሉ ብዙ ጊዜ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዓት ይባላል። በቀን አምስት ሰዓት የምታዩ ከሆነ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀየራል ማለት ነው፣ እሱም እየደበዘዘ እየደበዘዘ ነው የሚሄደው። ሌዘርና ኤልኢዲ የሚጠቀሙት 20,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይባልላቸዋል፤ በዚያው አጠቃቀም አሥር ዓመት ያልፋል። ቲቪም ነቀፋ አያጣም። ኦሌድ የሆነ (እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ የሚያበራ) ቲቪ ላይ ቀኑን ሙሉ የዜና ጣቢያ ከፍታችሁ ከተዋችሁ፣ ከጊዜ ብዛት የጣቢያው ምልክት ስክሪኑ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል። መስታወታማ ስክሪን ደግሞ ከፊቱ ያለውን መስኮት እንደ መስታወት ያሳያችኋል፤ እዚህ ላይ የፕሮጀክተር ስክሪን ይሻላል።

አንድ ሰው የማይነግራችሁ ነገር ልጨምር። ዲኤልፒ የሚባሉት ፕሮጀክተሮች ብዙዎቹ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን በፍጥነት እያፈራረቁ ነው ምስል የሚሠሩት። አብዛኛው ሰው አይታወቀውም። እህቴ ግን ነጭ ጽሑፍ ጥቁር ላይ ሲመጣ ዓይኗን ባንቀሳቀሰች ቁጥር የቀስተ ደመና ብልጭታ ታያለች፣ ራሷንም ያማታል። እኔ ሁለት ዓመት ሳየው አንድ ቀን አላየሁትም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አብረዋችሁ የሚያዩትን ሰዎች ይዛችሁ ሂዱና ለአሥር ደቂቃ አስከፍታችሁ አሳዩዋቸው።

አሁን ቤቴ ያለው አጠቃቀም ይህን ይመስላል። ዜና፣ ኳስ፣ የልጆች ፕሮግራም፣ ጌም፣ ምግብ እየበላን የምናየው ሁሉ ቲቪው ላይ ነው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወዲያው ይመጣል፣ መጋረጃ ዝጉ የለ፣ መብራት አጥፉ የለ። ፕሮጀክተሩን የምንከፍተው በሳምንት አንድ ማታ ነው። ያን ማታ መብራቱ ይጠፋል፣ ስልክ ይቀመጣል፣ ስክሪኑ ቲቪውን ሸፍኖ ይወርዳል፣ ሁሉም ዝም ብሎ ያያል። ለዚያች ማታ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልሸጥኩት።

እስካሁን ያልወሰናችሁ ካላችሁ ይህን ሞክሩ። ግድግዳው ላይ በፕላስተር 221 በ125 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ሥሩ፣ ውስጡ ደግሞ 144 በ81 የሆነ። ሶፋችሁ ላይ ተቀመጡ። ለትልቁ ከሦስት እስከ አራት ሜትር፣ ለትንሹ ከሁለት እስከ ሁለት ሜትር ተኩል አካባቢ ርቀት ይመቻል። ከዚያ አዘውትራችሁ በምታዩበት ሰዓት፣ መጋረጃችሁን እንደምትዘጉት ዘግታችሁ፣ መብራት ሳታበሩ መጽሐፍ ግለጡ። ፊደሉ ያለችግር ከተነበበላችሁ የትልቁን ሳጥን ፕላስተር አንሱት።