ግላስጎው ለምትኖሩ ወላጆች፦ የባግፓይፕ አስተማሪ ጥቆማ

ምስጋናዬ እዚህ ግላስጎው ለልጄ ባግፓይፕ (በከረጢት አየር የሚሞላ የስኮትላንድ የትንፋሽ ሙዚቃ መሣሪያ) ለሚያስተምሩት አዛውንት ነው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ አልጠቅሰውም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ልጄ ቀድሞ ሌላ ቦታ ሲማር የሚሰማው ምክር «ጠንክረህ ንፋ» የሚል ብቻ ነበር። ጉንጩን ወጥሮ፣ ፊቱ እስኪቀላ ይነፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ራሱን ያዞረዋል፤ ከዚያ የከንፈሩ ዳርና ዳር ዝሎ አየሩ ያመልጣል። እኛም ሳንባው ደካማ ነው ብለን ደምድመን ነበር።

አዛውንቱ ከልጁ በፊት የመረመሩት መሣሪያውን ነው። ቀዳዳዎቹን በሙሉ ደፍነው ከረጢቱን በአየር ሞሉትና በክንዳቸው ጫን አሉት። ለካ በአንዱ መጋጠሚያ በኩል ያፈስ ኖሯል! የሚያፈስ ከረጢት ይዞ ጎበዝ ነፊም ቢሆን አይዘልቅም።

ከዚያ ትከሻ ላይ የሚጋደሙትን ሦስቱን ቱቦዎች በቡሽ ዘጉና ዜማ የሚወጣበትን ቻንተር ብቻ ተዉለት። ዜማ ግን የለም፤ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ሳይወላወል። ባለ ቀለም ውሃ ያለበት፣ ታጥፎ የቆመ ግልጽ ቱቦ ከመሣሪያው ጋር አገናኝተው ውሃው ባለበት እንዲቆም አዘዙት። ግፊቱ የሚለካው በቱቦው ሁለት ወገን ባለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ነው፤ በተለምዶ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለእሱ ግን ለስላሳ ሸምበቆ (ቻንተሩ ውስጥ እየተርገበገበ ድምፅ የሚሰጠውን) መርጠው አቀለሉለት። ውሃው ሽቅብ ቁልቁል ካለ አፍና ክንድ አልተስማሙም ማለት ነው።

ምስጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አፍ ሲነፋ ክንድ ላላ ይላል፤ አፍ ትንፋሽ ሲስብ ክንድ ከረጢቱን ይጫናል። መንፊያው ላይ ያለው ክዳን አየሩ ወደ አፍ እንዳይመለስ ያግደዋል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከገፉ ድምፁ ይጮኻል፤ ሁለቱም ከሰነፉ ይሞታል። አገር ቤት ወናፍ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ አንዱ አቁማዳ ሲሞላ ሌላው ይጨመቃል፣ ፍሙ ግን ነፋስ አይቋረጥበትም። ውሃው ጸጥ ካለ በኋላ ነው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ የከፈቱለት።

በንጽሕና ቀልድ አያውቁም። ከትምህርት በኋላ መሣሪያው ተፈታትቶ ይደርቃል። እኔ በበኩሌ ይህን እንደ ሽማግሌ ነዝናዛነት ሳይሆን እንደ ጥንቃቄ ነው የማየው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቶራክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ዘገባ፣ በሳንባ ሕመም የሞተ አንድ ነፊ ባግፓይፕ ውስጥ ሻጋታ መገኘቱን ገልጾ፣ ሐኪሞቹ ለሕመሙ መንስኤ ሳይሆን እንዳልቀረ ጠርጥረው ነበር።

ከሳቸው የማይመቸኝ ነገር ቢኖር ለአርፋጅ ርኅራኄ የሌላቸው መሆኑ ነው። አነጋገራቸውም የግላስጎው ስለሆነ እኔ ግማሹን የምሰማው በልጄ አስተርጓሚነት ነው።

ለመጀመር ሙሉ መሣሪያ አትግዙ፤ ውድ ነው። ጀማሪ ለወራት ጣቱን የሚያሠለጥነው ከረጢት በሌለው የልምምድ ቻንተር ነው፤ ድምፁም ዝግ ያለ ነው። ያገለገለ ባግፓይፕ ካገኛችሁ ደግሞ እሳቸው ከረጢቱን ሳይፈትሹት ገንዘብ አትክፈሉ። ጎረቤቶቻችሁንም አስቀድማችሁ አነጋግሩ።