ከቡኒ አንገት ያልወረደው ኮን፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ለውሻ የቀዶ ሕክምና ኮን፣ ማለትም ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የሚታሰር የፕላስቲክ ከለላ፣ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ርዝመቱን ነው። አንገት ላይ ልክክ ቢል፣ ፕላስቲኩ ቢወፍር፣ ማያያዣው ቢጠነክር፣ ጫፉ ከውሻዋ አፍንጫ ካላለፈ ምላሷ ስፌቱ ላይ ይደርሳል። ይህን የምለው አንዱን ኮን ከግንቦት ጀምሮ እስከዚህ ታኅሣሥ ድረስ ለተለያየ ቁስል ተጠቅሜበት፣ በጅማ ዝናብና ጭቃ ውስጥ እንዴት እንደሚያረጅም አይቼ ነው።

ዕቃውን ላላያችሁት፦ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚመጣ፣ አሳልፎ የሚያሳይ ፕላስቲክ ነው። በአንገት ዙሪያ ተጠቅልሎ በቬልክሮ (ሲጫኑት የሚጣበቅ፣ ሲስቡት የሚላቀቅ ማያያዣ) ይያያዛል፤ ወደ ፊት እየሰፋ ሄዶ ጭንቅላቷን ዙሪያውን ይከባል። በአንገቱ በኩል የአንገት ማሰሪያ የሚያልፍባቸው ትንንሽ ቀለበቶች አሉት። እዚህ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ባሉ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫዎች ጠይቄ ያገኘሁት የከብትና የዶሮ መድኃኒት ብቻ ስለነበር፣ ኮኑን ያስመጣሁት ከአዲስ አበባ በዘመድ እጅ ነው። ዋጋው ለቀዶ ሕክምናው ከተከፈለው ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስፌቱ ተከፍቶ እንደገና ማደንዘዣ ቢያስፈልግ ከሚወጣው ጋርማ ጨርሶ አይነጻጸርም።

ቡኒ የሀበሻ ውሻ ናት። አፍንጫዋ ረጅም፣ አንገቷ ቀጭን፣ ጭንቅላቷም ከአንገቷ እምብዛም የማይሰፋ። ይህ የሰውነት አሠራር ለኮን ሁለት ችግር ያመጣል። አንደኛው፣ አንገቷን ብቻ ለክቶ የሚመረጥ ኮን ሁልጊዜ ያጥርባታል፤ የቀጭን አንገት ኮን የሚሠራው አጭር አፍንጫ ላላቸው ትንንሽ ውሾች ነውና። ሁለተኛው፣ ጭንቅላቷ መያዣ ስለማይሆን በፊት እግሯ ገፋ ስታደርገው ሾልኮ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። አንገቷ ላይ ማሰሪያው ከሚያርፍበት ቦታ እስከ አፍንጫዋ ጫፍ በሜትር ለኩ፤ በዚያ ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ፤ የኮኑ ርዝመት ያ ነው። አንገቱ ሰፍቶ ከተገኘ ቬልክሮውን ማጥበቅ ይቻላል፤ ያጠረን ፕላስቲክ ግን ማስረዘም አይቻልም። ከዚያ የዘወትር ማሰሪያዋን በቀለበቶቹ አሳልፋችሁ እሰሩ። በማሰሪያውና በአንገቷ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ሦስት ጣት ከገባ ታወልቀዋለች፣ አንድ ብቻ ከገባ ደግሞ ትታነቃለች። ማሰሪያ ያልገባበት ኮን በቬልክሮ ብቻ የሀበሻ ውሻ አንገት ላይ አያድርም።

ቀዶ ሕክምናው የማምከን ነበር። ሆዷ ከእምብርቷ በታች ተከፍቶ ተሰፋ፤ ሐኪሙም ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንደሚወጣ፣ እስከዚያ ኮኑ እንዳይወልቅ አስጠነቀቀ። ከሐኪም ቤት ወደ ቤት በባጃጅ ስትመጣ ገና ማደንዘዣው አልለቀቃትም ነበር፤ ኮኑ ግን ከመንቃቷ በፊት አንገቷ ላይ ታስሯል። እንዲህ መሆኑ ጥሩ ነው። ውሻ ከማደንዘዣ ነቅቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ያመመውን ቦታ ፈልጎ መላስ ነውና።

ጎረቤታችን እማማ ሊጠይቁን መጥተው አይተዋት አዘኑ። «ልጆቼ፣ ለምን ታሰቃዩአታላችሁ? የውሻ መድኃኒቷ እኮ ምላሷ ነው» አሉን። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያምንበት ነገር ነው። ከእውነት ፈጽሞ የራቀም አይደለም፤ በውሻ ምራቅ ውስጥ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን የሚያዳክም ነገር አለ። ነገር ግን በዚያው አፍ ውስጥ ቁስል የሚያመረቅዙ ብዙ ባክቴሪያዎችም ይኖራሉ። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ሜካኒካዊው ጉዳት ነው። ሻካራ ምላስ ሊጋጠም የጀመረውን ቆዳ ደጋግሞ ይገሸልጠዋል፤ ትንንሾቹ የፊት ጥርሶች ክሩን እየነከሱ ይስባሉ። በሜዳ ላይ እሾህ የወጋው እግር ተልሶ ሊድን ይችላል። ከሥሩ የሆድ ዕቃ ያለበት ስፌት ሲከፈት ግን አንጀት እስከ መውጣት ይደርሳል። ለእማማም የነገርናቸው ይህንኑ ነው። «እንግዲያስ እግዜር ይማራት» ብለው፣ ከዚያ በኋላ ሲመጡ ኮኑን የሚፈትሹት እሳቸው ሆኑ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከባድ ናቸው። ቡኒ ኮኑ አንገቷ ላይ መሆኑን ስታውቅ ደርቃ ቆመች። ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደች ከውስጡ ልትወጣ ሞከረች። የቆርቆሮውን በር ጠርዝ ስትመታው የሚወጣው ድምፅ እሷንም እኛንም ያስደነግጥ ነበር። የግቢው ልጆች «ቡኒ ጡሩምባ ለበሰች!» እያሉ ተከተሏት። በቤት ውስጥ አንድ ሰው «አውልቁላት፣ ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል?» ማለቱ አይቀርም። ለአንድ ሌሊት የሚሆነውን ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል፤ ውሻ ስፌቷን ለመክፈት ሰው እስኪተኛ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ስለዚህ በእኛ ቤት ውሳኔው ለአንድ ሰው ተሰጠ፤ ታላቅ እህቴ ሳትፈቅድ ማንም ኮኑን አይነካም። ይህ ደንብ ከኮኑ ጥራት ያላነሰ ጠቅሞናል፤ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ቤት ሁሉ እንዲደረግ እመክራለሁ።

ሐዘኑ መሠረት የሌለው አይደለም። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ኮን ያደረጉ ውሾችና ድመቶች ያሏቸውን 434 ባለቤቶች ጠይቀው ነበር። ከመቶ 77 የሚሆኑት እንስሳቸው ኮኑን አድርጎ ሳለ ኑሮው እንደከፋ ተናግረዋል፤ ውኃ መጠጣትና መጫወት ከተቸገሩባቸው ነገሮች ውስጥ ይገኙበታል። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ከዚህ ተነስቼ የምለው ግን ኮኑ ይውለቅ አይደለም፤ ቤቱና ግቢው ለኮኑ ይመቻች ነው።

ውኃው ጋር እንጀምር። ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን መሬት ላይ ሲቀመጥ የኮኑ ጠርዝ ቀድሞ መሬት ይነካና ምላሷ ውኃው ላይ አይደርስም። ሳህኑ ከኮኑ አፍ የጠበበ ይሁን፤ ብሎኬት ላይ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ኮኑ ሳህኑን ከላይ አልፎ ይከበዋል፣ እሷም ተዝናንታ ትጠጣለች። ምግቡም እንዲሁ። የእንጀራ ፍርፋሪ በሽሮ ስንሰጣት እንጥፍጣፊው ኮኑ ውስጥ ተጣብቆ በማግሥቱ ይሸታል፤ ዝንብ ይሰበስባል። ዝንብ ደግሞ ቁስል ባለበት ቤት ቀላል ነገር አይደለም፤ እንቁላሉን ቁስሉ ላይ ከጣለ ትል ይሆናል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ኮኑን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ አመሻሹ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ጭንቅላቷን ይዟት ሌላው በሳሙና ማጠብ ይኖርበታል። አጥንት ኮኑ እስኪወልቅ ይቅር። በሁለት እግሯ ይዛ መጋጥ ስለማትችል ተናድዳ ከኮኑ ጋር ትታገላለች።

ኮኑ የጎን እይታዋን ይከልላል፣ ድምፅም ከየት እንደመጣ ያምታታባታል። ድንገት ከኋላ የነካት ልጅ ሊነከስ ይችላል፤ ከመቅረባችሁ በፊት ስሟን ጥሩ። ወደ መንገድም አትውጣ። የሰፈር ውሾች መንጋ ቢያገኛት አንገቷን ዞራ ራሷን መከላከል አትችልም። ሌሊት ደግሞ ጅብ የሚጮህበት ሰፈር የምትኖሩ፣ ጠባቂም ብትሆን ወደ ቤት አስገቧት። እኛ ቤት በዚህ ጉዳይ ክርክር ተነስቶ ነበር፤ አባቴ «ግቢውን ማን ይጠብቃል?» አለ። ሆዷ የተሰፋ ውሻ ተነስታ እንድትሮጥ የሚያደርጋት ነገር ሁሉ ስፌቱን ይጎትተዋልና፣ ማድ ቤት ውስጥ ጆንያ ተነጥፎላት አደረች። ከዚያም ሆና ኮቴ በሰማች ቁጥር ጮኻለች።

ሰዎች አጥብቀው የሚጠይቁኝ መቼ ይውለቅ የሚለውን ነው። አደገኛው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ የሕመም ቀናት ይመስሉ ይሆናል። እኔ ከሁሉ የምፈራው ግን ከአምስተኛው ስድስተኛው ቀን በኋላ ያለውን ነው። ቁስሉ መግጠም ሲጀምር ያሳክካል፤ ፀጉሯ መብቀል ሲጀምር ይበልጥ ያሳክካል። በዚያው ጊዜ ውሻዋ ትበላለች፣ ጅራቷን ትወዘውዛለች፣ ትዘላለች፤ ቤተሰቡም «ድናለች» ይላል። ከላይ ያለው ቆዳ የገጠመ ቢመስልም ከሥር ያለው የሆድ ጡንቻ ሽፋን ገና ጥንካሬውን አላገኘም። ክሩ ወጥቶ ሐኪሙ በዓይኑ ሳያይ ኮኑ አይውረድ።

ኮን ያጣ ሰው በቤት የሚሠራቸው አማራጮች አሉ። ባልዲ ቂጡ ተቆርጦ ሲጠልቅ ይሠራል፤ ግን ይከብዳል፣ ብርሃን አያሳልፍም፣ የተቆረጠው ጠርዝም በጨርቅ ካልተጠቀለለ አንገት ይቆርጣል። ያገለገለ የራጅ ፊልም ተጠቅልሎ በፕላስተር ሲያያዝ ከባልዲ በጣም ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ ይተጣጠፋል፤ ለትንሽ ውሻ ወይም ለድመት ይበቃል። ካርቶን በእኛ ከተማ ክረምት ከሰዓት በላይ አይቆይም። አሮጌ ካናቴራ አልብሶ ሆዷን መሸፈን ለሆድ ስፌት ይረዳል። ግን ስትሸና ይርሳል፣ ሲርስም ካልተቀየረ ቁስሉን አርጥቦ ያቆየዋል፤ በሐምሌ ጅማ ውስጥ ካናቴራ ስንት ቀን እንደሚሰጣ የዚህ አገር ሰው ያውቃል። በአየር የሚነፋው የአንገት ቀለበት ምቹ ቢሆንም እንደ ቡኒ ያለ አፍንጫው ረጅምና ወገቡ ቀጭን ውሻ በላዩ ተሻግሮ ሆዱን ይልሳል። የጨርቁ ኮን ለስላሳ ነው፤ ጭቃና ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ወርዶ ይተኛል። እኔ ከእነዚህ ሁሉ አሳልፎ የሚያሳየውን ፕላስቲክ እመርጣለሁ፤ በክረምት በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል።

ነሐሴ ላይ ኮኑ እንደገና ወጣ። ቡኒ በአጥር ቀዳዳ ከሌላ ውሻ ጋር ተጣልታ ጆሮዋ ተቀደደ። የጆሮ ቁስል ኮን የሚፈልገው ለመላስ ሳይሆን ለማከክ ነው፤ በኋላ እግሯ ጥፍር ስታክከው ቅርፊቱ እየተነሳ ይደማል፣ ጭንቅላቷን ስታራግፍም ደሙ ግድግዳ ላይ ይረጫል። ኮኑ እግሯን መለሰው። ኮኑን ለብሳ ከነበረች ወራት አልፈው ሳለ በዚህ ጊዜ የተቃወመችው እምብዛም አልነበረም፤ በበሩ ስታልፍ ራሷ ጭንቅላቷን ከፍ አድርጋ አለፈች።

አገልግሎቱ ምልክቱን ጥሎበታል። ፕላስቲኩ ተጫጭሮ ደብዝዟል፤ ከኋላው የቆመ ሰው ጥላ እንጂ መልኩ አይታያትም። ቬልክሮው ፀጉርና ጭቃ ሞልቶት መያዝ ሲያቅተው በመርፌና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት፤ እንደ መጀመሪያው ባይሆንም ማሰሪያው ስላለ ችግር አልፈጠረም። የጠርዙ ስስ ጎማ በክረምቱ መሐል ተላጠ። ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ የተጣለ የብስክሌት ከመነዳሪ ለምኜ፣ በርዝመቱ ሰንጥቄ ጠርዙ ላይ ገጠምኩት፤ በክርም ጠበቅሁት። ከፋብሪካው የተሻለ ነው እላለሁ። ቆርቆሮ በር ሲመታም አይጮህም፣ ግድግዳም አይልጥም። አዲስ ኮን ገዝታችሁ ይህን ከመጀመሪያው ብታደርጉት ውሻችሁ የመጀመሪያውን ሌሊት በቀለለ ድንጋጤ ታልፈዋለች።

የማይችለውንም ልናገር። የጅራት ጫፍና የኋላ እግር መዳፍ ላይ ያለ ቁስልን ቀጭን ውሻ ተጠማዝዛ ታገኘዋለች፤ ለዚያ ፋሻም ያስፈልጋል። ጎኗን ግድግዳ ላይ ማሻሸትንም አይከለክልም። አንገት ላይ ላለ ቁስል ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ያርፍበታልና።

አሁን ኮኑ ያለው የተኮላሸ ወንድ ውሻ ባላቸው ጎረቤታችን ቤት ነው። ስናውሳቸው በበረኪና በተበረዘ ውኃ ዘፍዝፈን፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን ነበር፤ ሲመልሱም እንዲሁ እንዲያደርጉ ነግረናቸዋል። ቬልክሮው ውስጥ የመዥገር ልጆች ተደብቀው ሊገኙ ስለሚችሉ እዚያ ቦታ ብሩሽ ይግባበት። እከክ ያለበት ውሻ ያደረገውን ኮን ግን ማጠብም ቢሆን አልተማመንበትም፤ እንዲህ ያለውን አላውስም፣ አልዋስምም።